በቅቤ ሚዛን የተመዘነው የዋጋ መጽሐፍ

በኅዳር 1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በፍኖተ ሰላም ከተማ አራት ቴምብር ሰብሳቢዎች፣ አንድ የዋጋ መጽሐፍና ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ደንብ ነበሩ። ከአራቱ ሰብሳቢዎች አንዱ እኔ ነኝ። ስሜ ምስክር ይባላል፤ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ስሆን በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ጸሐፊና ንብረት ያዥ ነበርኩ።

መጽሐፉ ፈረንጆች በየዓመቱ የሚያሳትሙት፣ የዓለም ቴምብር ሁሉ ከነዋጋው የሚዘረዘርበት ካታሎግ ነው። «በየዓመቱ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ የእኛው የታተመው በ1966 ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ልዑልሰገድ ወጣት መምህር ሳሉ አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ዋጋው የተጻፈው በዶላር ስለሆነ በ2.07 እናባዛዋለን። መጽሐፉ ሲታተም አንድ ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነበራ። በ1989 አንድ ዶላር ከስድስት ብር አልፏል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሌላው አባላችን ናሁሰናይ ነው፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ስለሆነ የዕለቱን ምንዛሪ ጠዋት ጠዋት በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው እሱ ነበር። እሑድ እሑድ ግን ሳያመነታ በ2.07 ያባዛል። አንድ ቀን ብጠይቀው «ባንክ ሌላ፣ ማኅበር ሌላ» አለኝ።

አቶ ልዑልሰገድ ለመጽሐፉ እንደ ዳዊት የቆዳ ማኅደር አሰፍተውለታል። ማንገቻ አለው፤ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሥዕለ ማርያም አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል። ከማኅደሩ የሚያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም እጃቸውን ታጥበው። ዋጋ ሲያነቡ እኛ እንቆማለን። አራተኛዋ አባላችን ፋጢማ የጨርቅ ነጋዴ ናት። «እኔ ሱቅ አንድ ጣቃ ጨርቅ ለማየት ማንም አይቆምም» እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን እሷም ትቆማለች።

በደንቡ አንቀጽ ሦስት መሠረት በማኅበሩ ውስጥ ክርክር የለም። ዋጋው መጽሐፉ ያለው ነው። አንዱን ቴምብር ከአንድ ሰው በላይ ከፈለገው ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሰው ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ማለት አይችልም። ይህ አንቀጽ የተጻፈው በ1979 ሁለት አባላት በአንድ ቴምብር ተጣልተው አንዱ የሌላውን ጃንጥላ በራሱ በባለቤቱ አናት ላይ ከሰበረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሰፍኗል።

የኔ ድርሻ በየዓመቱ ጥር ላይ የማኅበሩን ንብረት መቁጠር ነበር። ንብረት ቆጥሬ መግለጫ ካልጻፍኩ ደስ አይለኝም። መጽሐፉን በክሊኒኩ የሕፃናት ሚዛን ላይ አስቀምጬ «መጽሐፍ አንድ፣ ከነማኅደሩ 1 ኪሎ ከ350 ግራም» ብዬ ስመዘግብ ሦስቱም ለሳምንት ሳቁብኝ።

ነገሩ እንዲህ ሳለ ወይዘሮ ተናኜ መጡ።

የመጡት ለሆድ ሕመም ምርመራ ነው። የቡሬ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ፍኖተ ሰላም እህታቸው ዘንድ ሰንብተው ሆዳቸው ስለተነሣባቸው ወደ እኛ ጎራ አሉ። ውጤት ሲጠብቁ በበሩ አንገታቸውን አስግገው የላቦራቶሪ ጠረጴዛዬን ያያሉ። እኔ አንድ ቴምብር ከፖስታው እንዲላቀቅልኝ በመስታወት ሳህን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በመቆንጠጫ እያገላበጥኩ ነበር።

«ልጄ፣ ያ የማን በሽታ ነው?» አሉ።

«በሽታ አይደለም እማማ፤ ቴምብር ነው።»

«እንዴታ፣ በሽታማ ነው። ባሌ ገብረሰንበት እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ታሞበታል።»

እንዲቀመጡ ወንበር ሰጠኋቸው። የነገሩኝ እንዲህ ነው። ባላቸው አቶ ገብረሰንበት የፖስታ መልእክተኛ ነበሩ፤ የፖስታ ከረጢት በበቅሎ ጭነው ከቡሬ ወደ ገጠር የሚያመላልሱ። በ1966 ከአንድ ጡረተኛ የቴሌግራፍ ጸሐፊ አንዲት ቴምብር ገዙ። የከፈሉት ዳልቻ የምትባለውን የወይዘሮ ተናኜን ጊደር ነው፤ ጊደሯ ከአባታቸው የተሰጠቻቸውና ያኔ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች።

«ከገበያ ስመለስ በረቱ ባዶ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «‹ጊደሬስ?› ስለው እቺን የጥፍር ታህል ወረቀት በመዳፉ ይዞ ‹ይቻትና፤ እያደር ጥንድ በሬ ትሆናለች› አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በበላ በጠጣ ቁጥር ‹በሬዎችህን አጠጣሃቸው?› እለዋለሁ። አይቆጣም። ‹ታገሺ› ይለኛል። አምና በታኅሣሥ ሲሞትም ያለው እሱኑ ነው፤ ‹ቴምብሯን እንዳትጥያት፤ ታገሺ›።»

«አሁን ሊሸጧት ነው?»

«መሸጡን ተወው። ሙት ዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነው። መቃብሩ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ልነግረው እፈልጋለሁ። ልክ ከነበረ ልክ ነበርክ እለዋለሁ። ሞኝ ከነበረም ሞኝነቱን እነግረዋለሁ። የቱን እንደምል ሳላውቅ ግን እንዴት እሄዳለሁ?»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ የመርፌ ቆርቆሮ ወጣ፤ ከቆርቆሮው ደግሞ በሰም ወረቀት የተጠቀለለች ቴምብር። የምኒልክ ዘመን ናት። በላይዋ በኋላ የተመታው ማኅተም ተገልብጧል፤ ፊደሎቹ በአናታቸው ቆመዋል፤ እንዲህ ያለ የኅትመት ስሕተት ለሰብሳቢ ብርቅ ነው። በማይክሮስኮፕ አየኋት። ቀለሙ በወረቀቱ ጭረት ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ ትናንት የተመታ አስመሳይ አይደለም። እሑድ ማኅበራችን ዋጋዋን እንዲያወጣላቸው፣ ዋጋው ከተስማማቸውም እንዲሸጧት ተስማምተን እስከ ስብሰባው ቀን በአደራ ተቀበልኳቸው፤ ደረሰኝ ጻፍኩላቸው፤ የጃርዲያ መድኃኒታቸውንም ይዘው ሄዱ።

እሑድ በአቶ ልዑልሰገድ ቤት ተሰበሰብን። ገብስ ቆሎ ቀርቧል። ቴምብሯን በሁለት የመስታወት ስላይዶች መሃል አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። አቶ ልዑልሰገድ እጃቸውን ታጥበው ማኅደሩን ከግድግዳው አወረዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከፈቱ፤ አገላበጡ። እኛ ቆመናል።

«ሃያ ስድስት ዶላር።»

«ሃምሳ ሦስት ብር ከሰማንያ ሁለት ሳንቲም» አለ ናሁሰናይ፤ ስሌቱን በቃሉ ነው የሚሠራው።

አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብር በሚሸጥበት ገበያ ይህ ማለት አራት ዶሮ ተኩል ነው። ልቤ አዘነ። ከዚያ ግን ስድቡ ተጀመረ።

«የጠርዟ ጥርስ የጎደለ ይመስለኛል» አለ ናሁሰናይ ጎንበስ ብሎ። «እስቲ እንደገና ልያት።»

«ቀለሟ ሸሽቷል» አለች ፋጢማ። «ጨርቅ ብትሆን በቅናሽ እንኳ አላወጣትም ነበር።»

«ማኅተሟም ተገልብጧል» አሉ አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «የመታት ሰው ሰክሮ ነበር መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ የተገለበጠች መሆኗ አይደል እንዴ ዋናው…»

«ምስክር፣ ጸሐፊ ይጽፋል።»

ጻፍኩ። የምጽፈውን ግን አያውቁም ነበር። ከዚያ በፊት ለአሥራ አራት ወራት በቃለ ጉባኤው ኅዳግ ላይ፣ የደም ሕዋስ ስቆጥር እንደማደርገው አምስት አምስት መስመር እያሰመርኩ አንድ ነገር ስቆጥር ከርሜ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቴምብር ስንት ነቀፌታ እንደተሰነዘረ። ውጤቱ ግልጽ ነው። ማንም የማይፈልጋትን ቴምብር ሁላችንም እናመሰግናለን፤ «ቆንጆ ናት፣ ውሰዳት እንጂ» እንባባላለን። የምንፈልጋትን እናማለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፍተኛው ቁጥር ሰባት ነበር፤ እሱም ሦስቱም የተመኟት ቴምብር ናት።

የወይዘሮ ተናኜ ቴምብር ሠላሳ አንድ ነቀፌታ ደረሰባት። ናሁሰናይ «እስቲ እንደገና ልያት» ያለው አምስት ጊዜ ነው። አቶ ልዑልሰገድ ንጹሕ መነጽር ሦስት ጊዜ ወለወሉ።

«ታዲያ ለዚህች የማትረባ ነገር ዕጣ ያስፈልጋል?» አልኩ በየዋህ ድምፅ።

ሦስቱም በአንድ አፍ «ደንብ ነው!» አሉ።

በፋጢማ የሻይ ብርጭቆ ሦስት የተጣጠፉ ወረቀቶች ገቡ። ዕጣው ለአቶ ልዑልሰገድ ደረሰ። «እንግዲህ ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው እንደ ተቀጣ ሰው ተነፈሱ። ናሁሰናይ ቆሎውን ጨብጦ ሳይቅመው ቀረ።

በነጋታው አውቶቡስ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ወይዘሮ ተናኜ ከቅቤ ተራ፣ የኮባ ቅጠል አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዋጋውን ነገርኳቸው።

«አራት ዶሮ» አሉ።

«ተኩል።»

«ግማሽ ዶሮ ማን ይሸጥልኛል?» አሉ። አንዲት ደንበኛ መጥታ ቅቤ ብትጠይቃቸው አልሰሟትም። «ሃያ ሁለት ዓመት ሞኝ ነህ ስለው ልክ ነበርኩ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ መሆን እንዲህ ያስከፋል ብዬ አላሰብኩም።»

መዝገቤን አውጥቼ ሠላሳ አንዱን መስመር እያብራራሁ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እስክጨርስ አልጠበቁኝም።

«ቆይ ቆይ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አሟት?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ከዚያ ዕጣ ተጣጣሉባት?»

«አዎ።»

ሳቃቸው ተራውን አስገለመጠው። «አይ የተማረ ሰው! እዚህ ገበያ እኮ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ቅቤዬን ‹ግሩም ነው› ብሎ የሚያልፍ አይገዛም። ‹ውሃ በዝቶበታል፣ ቆይቷል፣ ሸቷል› የሚለው ኮባ አስጠቅልሎ ይሄዳል። የሚገዛ ያማል፣ የማይገዛ ያመሰግናል። ሊቀ መንበሩን ቅዳሜ ከነመጽሐፉ ይዘህልኝ ና። ዋጋውን በጣቱ እየነካ ያሳየኝ። እኔ በሰው አፍ አልሸጥም።»

ስለ መጽሐፉ፣ ሊቀ መንበሩ ታጥበው ስለ መንካታቸው፣ እኔም መዝኜው ስለ መሳቃቸው አጫወትኳቸው። ሻጭ መጽሐፉን ለማየት ቢጠይቅ መከልከል እንደማይቻል በአንቀጽ አምስት ተጽፏል። እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሻጭ ስላልነበረ አንቀጹን ከኔ በቀር ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ቅዳሜ አቶ ልዑልሰገድ ሱፍ ለብሰው፣ ማኅደሩን እንደ ዲያቆን አንግተው ቡሬ ደረሱ። ናሁሰናይና ፋጢማ «ለምስክርነት» ብለው ተከትለዋል፤ ሁለቱም ነገሩ እንዲፈርስ እየጸለዩ እንደነበር አልጠራጠርም። የወይዘሮ ተናኜ ቤት ከገበያው ዳር ነው። ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ባለ ሁለት ሳህን የቅቤ ሚዛን ተንጠልጥሏል።

ቴምብሯ ቀረበች። አቶ ልዑልሰገድ በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ተነሡና «አንድ ጊዜ ጓሮ ደርሼ ልምጣ» አሉ። ማኅደሩን እንዳነገቱ ወጡ።

ወይዘሮ ተናኜ በዓይናቸው ሸኟቸው። «መጽሐፉንም ሽንት ያዘው?»

ፋጢማ ሻይዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ወደ ውጭ ሮጠች።

አቶ ልዑልሰገድ ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቷል፤ ነቀፌታቸው ግን በርትቷል። ጥርሷ፣ ቀለሟ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሙጫ ሳይቀር ታማ። ከሱፋቸው ከግራ ኪስ አምስት ባለ አሥር፣ ሦስት የአንድ ብር ኖትና ሰማንያ ሁለት ሳንቲም አውጥተው ደረደሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ባለ አንድ ሳንቲሞች ለይተው ነው ያስቀመጧቸው።

«ቆዩ እንጂ ጌታው፤ መጀመሪያ መጽሐፉን ያሳዩኝ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «ደግሞም እንግዳ ዕቃ እንደተሸከመ አይቀመጥም። ይስጡኝ፣ ልስቀልልዎ።»

አቶ ልዑልሰገድ እንቢ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ማኅደሩ ከትከሻቸው ወርዷል። ወይዘሮ ተናኜ ወደ መስቀያው ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ማኅደሩን በቀኝ እጃቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ቅቤ የመዘነ እጅ ነው።

«ምስክር፣ ይህ መጽሐፍ ስንት ይመዝናል ብለህ ነው የጻፍከው?»

የሳቁብኝን መዝገብ ገለጥኩ። «ጥር 1988፤ ከነማኅደሩ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ።»

«እጄ ሁለት ኪሎ ተኩል ይላል። ትንሽም አለፍ ይላል። ይህ መጽሐፍ እርጉዝ ነው።»

«እሜቴ፣ መጽሐፍ በቅቤ ሚዛን አይመዘንም!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ብድግ ብለው።

«ለምን? ካልታጠቡ አይነኩትም ቢሉኝ እጄን እታጠባለሁ፤ ሚዛኑ ደግሞ ሁሌም የታጠበ ነው።»

ማኅደሩ በአንዱ ሳህን ገባ። በሌላው ሁለት ኪሎ ብረት ተቀመጠ፤ አልበቃም። ግማሽ ኪሎ ተጨመረ፤ አሁንም ማኅደሩ ወደ መሬት አዘነበለ። ወይዘሮ ተናኜ ለመቶ ግራም የሚጠቀሙባትን አሮጌ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ጨመሩ። ሳህኖቹ እኩል ቆሙ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ማለት ነው።

«አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ ግራም አድጓል» አልኩ፤ መዝገቡ ላይ እየጻፍኩ።

«እርጥበት ነው» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «የቡሬ አየር እርጥበት አለው።»

«ጋሼ፣ እርጥበት ከሆነ ሲጨመቅ አንድ ሊትር ከሩብ ውሃ ይወጣዋል። ጣሳ ላምጣ?»

ናሁሰናይ ወደ ማኅደሩ እጁን ሲሰድ አቶ ልዑልሰገድ «የሚከፍተው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው!» ብለው ጮኹ።

«እንዴታ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ በትሕትና። «ታዲያ ማን ከለከለዎ? ይክፈቱት።»

ከፈቱት። መጀመሪያ የምናውቀው ሽፋን አልባ አሮጌ መጽሐፍ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ ትልልቅ ቁጥሮች የተጻፉበት ሌላ መጽሐፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ተናኜ።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት» አልኩ።

«ዘንድሮ ሰማንያ ዘጠኝ አይደል እንዴ?»

«በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እማማ» አለ ናሁሰናይ።

«አይ ፈረንጅ! እሱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ዋጋ ያወጣል፣ እናንተ ሃያ ሦስት ዓመት ዘግይታችሁ ቆማችሁ ትሰማላችሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ ተቀመጡ። ውጭ አገር ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው እንደላከላቸው ተናገሩ። «ልነግራችሁ ነበር። ስሕተት እንዳይኖርበት መጀመሪያ ላርመው ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያርሙት?» አለች ፋጢማ።

«ከመጋቢት።»

ቃለ ጉባኤውን አገላበጥኩ። ከመጋቢት እስከ ኅዳር አቶ ልዑልሰገድ ከአባላት በአሮጌው ዋጋ አሥራ ዘጠኝ ቴምብር ገዝተዋል፤ የሸጡት አንድም የለም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ናሁሰናይ ከአሥራ ዘጠኙ ሰባቱ የእሱ እንደነበሩ ትዝ ሲለው ቀለሙ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ባንክ እየሠራሁ በሁለት ከሰባት ሳባዛልዎት!»

«አንተማ ምንዛሪውን እያወቅክ ዝም ያልከው ፋጢማ ስትሸጥልህ ስለሚጠቅምህ ነው» አሉት አቶ ልዑልሰገድ። ፋጢማ ወደ ናሁሰናይ ዞረች፤ እኔ ቶሎ ብዬ ስለ ቴምብሯ ጠየቅኩ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሌሎቹ ለንግድ ነው። እቺ ግን አይደለችም። አልበሜ ላይ ለእሷ ብዬ በእርሳስ ያሰመርኳት ባዶ ሳጥን አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ባዶ ናት።»

«የኔ በረት ሃያ ሦስት ዓመት ባዶ ነው» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «በአንድ ዓመት እበልጥዎታለሁ። አሁን የሚያዋጣንን ልንገርዎ። በእኛ በቅቤ ተራ አንድ ነጋዴ ሁለት ዓይነት የሚዛን ብረት ይዞ ከተገኘ አይደበደብም፣ አይከሰስም። የዚያን ቀን በየትኛው ብረት እንደሚመዘን ግን ሌላው ወገን ይመርጣል። እኔ አዲሱን መርጫለሁ። ያንብቡልኝ።»

አቶ ልዑልሰገድ ገጹን አልፈለጉም። መጽሐፉ ራሱ ተከፈተ፤ ብዙ ጊዜ የተከፈተ ገጽ ነው። ጣታቸውን አስቀመጡ። እኛ ለመቆም ዳዳንና ተውነው።

«ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ዶላር።»

ሁላችንም ወደ ናሁሰናይ አየን። «የትናንቱ ምንዛሪ ስድስት ብር ከሃምሳ ነው» አለ። «አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ሦስት ብር።»

«ይህን ያህል…» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«ዕጣ የደረሰው ወደ ኋላ አይልም» አለች ፋጢማ። «ደንብ ነው።»

አቶ ልዑልሰገድ ቀና ብለው አዩን። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሱፋቸው ወደ ቀኝ ኪስ ሰደዱና ፖስታ አወጡ። በፖስታው ውስጥ ልክ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነበር። በግራ ኪሳቸው አራት ዶሮ ተኩል፣ በቀኝ ኪሳቸው እውነተኛውን ዋጋ ይዘው ነው ከፍኖተ ሰላም የተነሡት። ወይዘሮ ተናኜ ቆጠሩት፤ ከቅቤ ገንዘባቸው ሃምሳ ሰባት ብር መለሱላቸው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሃምሳ ሦስት ብር ከሰማንያ ሁለት ሳንቲም ፋጢማ በመዳፏ ጠርጋ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ወሰደችው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ካታሎግ መግዣ መነሻ ሆነ። የደንቡ አንቀጽ አሥርም እዚያው ተጻፈ፤ «መጽሐፉን ማንም አባል፣ በፈለገ ጊዜ፣ ቁጭ ብሎ ይገልጣል።»

አቶ ልዑልሰገድ ቴምብሯን በሰም ወረቀቷ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ሲያስገቧት ግን ፊታቸው የተቀጣ ሰው ፊት አልነበረም። በሩ ላይ ሲደርሱ «ማኅተሟ ግን እንዴት አምሮ ተገልብጧል!» አሉ። ከስድብ ወደ ምስጋና የተሻገሩት ሽያጩ ካለቀ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ተናኜ እጄን ያዙኝ። «ወደ ከብት ገበያው ሂድልኝ፤ ሳይበተን። የጥንድ በሬ ዋጋ ጠይቅ። የሰባውንም አይደለም፣ የከሳውንም አይደለም፤ መካከለኛውን።»

ሄድኩ። ዘጠኝ ሻጮች ጠየቅኩ፤ የመጨረሻ ዋጋቸውን በቅደም ተከተል ጽፌ አምስተኛውን ወሰድኩ። ስመለስ ሌላም አንድ ቁጥር ይዤ ነበር፤ ሳልታዘዝ ያየሁትን።

ታኅሣሥ ላይ በሙት ዓመቱ ወይዘሮ ተናኜ ወደ ገጠር ቤተ ክርስቲያናቸው ይዘውኝ ሄዱ። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ሲሄድ እሳቸው መቃብሩ አጠገብ ቆሙ። «ልጄ፣ አንብብለት» አሉኝ። «ቁጥሩን አታሳምርለት።»

አነበብኩ። ቴምብሯ የተሸጠችው በ1,443 ብር ነው። በዚያው ቅዳሜ በቡሬ ገበያ መካከለኛ ጥንድ በሬ 1,860 ብር ነበር። ለጥንዱ 417 ብር ይጎድላል።

ወይዘሮ ተናኜ ከድንጋዮቹ መሃል የበቀለች ሣር ነቀሉ። «ሰማህ ገብረሰንበት? ልክ ነበርክ» አሉ። «ጥቂት ቀርቶሃል እንጂ ልክ ነበርክ። ሃያ ሁለት ዓመት የነገርኩህን ሁሉ አንስቻለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያቺንስ ጻፍካት? ሳልልህ ያየሃትን?»

ጽፌያታለሁ። በዚያ ቅዳሜ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ አንዲት የአምስት ወር እርጉዝ ዳልቻ ጊደር በ415 ብር ተሸጣለች። ለጥንዱ በሬ ከጎደለው ገንዘብ ጋር ልዩነቱ ሁለት ብር ነው።